ጭስ የሌለበት ትምህርት ቤት

«ልጄ እሳት ከለከለችኝ።»

መስከረም ይህን ቃል የሰማችው ገና ከብርድ ልብሷ ሳትወጣ፣ በግድግዳው በኩል ነበር። የተከራዩት ቤት ግድግዳ ጭቃ ተለጥፎ ቀለም የተቀባ ስለሆነ የጎረቤት ማዛጋት እንኳ አይሰውርም። ተናጋሪዋ ሌላ ሰው ብትሆን ጆሮዋን ትራሱ ውስጥ ቀብራ ትተኛ ነበር፤ ድምፁ ግን የገዛ እናቷ የወይዘሮ ዓለሚቱ ነው። የሚያወሩት በዚያው ግቢ ከምትኖረው ከየሺ ጋር ነው። በየሺ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳይስቡት አልቀሩም፤ ድምፃቸው ታፍኖ ነው የሚመጣው። «ከለከለችኝ ነው የምልሽ። ማንደጃዬን አውጥታ ላንቺ ሰጠችብኝ። የተማረ ይግደለኝ እያልሁ ያስተማርኋት እኔው ነኝ፤ ይኸው በብርድ ልትገድለኝ ነው!» የሺ ሳቋን ስትውጥ ተሰማ።

በዚያ አገር እሳት መከልከል እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። ጨው የከለከለ «አልቆበት ይሆናል» ይባልለታል፤ ውኃ የከለከለም ሰበብ አያጣም። እሳት ግን ቢጭሩለት አይጎድልም፤ ስለዚህ የሚከለክለው ልቡ የጠቆረ ሰው ብቻ ነው። ጉና ሥር ባሉት መንደሮች የተኳረፉ ጎረቤታሞች እንኳ ገል ይዞ ደጃቸው የቆመን ሰው ፍም ሰጥተው ይሸኙታል፤ ኩርፊያው ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። መስከረም የዚያው አገር ልጅ ናትና የቃሉን ክብደት ታውቀዋለች፤ ስለምታውቀውም ደሟ ፈላ። እሳቱን የከለከለችው በክፋት ሳይሆን በፍርሃት ነበር። ባለፈው ጥር እናቷ በርና መስኮት ዘግተው ከሰል እንዳቀጣጠሉ፣ በተቀመጡበት ራሳቸውን ስተው አገኘቻቸው። በብብታቸው ይዛ ወደ ደጅ ስትጎትታቸው የገባባት ድንጋጤ እስከ ዛሬ አልወጣላትም። በማግስቱ ማንደጃውን ለየሺ ሰጠችና ከገበያ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝታ መጣች፤ ዋጋው የአንድ ሙክት በግ ነበር። እናቷ አጠገቡ ተቀምጠው ለሁለት ቀን ታዘቡት። «ዓይኑን አቅልቶ ያፈጥብኛል እንጂ አያጫውተኝም» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሡትም። ማለዳ ማለዳ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲወጡ፣ የሺን እንዴት አደርሽ ሊሏት ይመስላት ነበር። ለካ እሳት ፍለጋ ነው የሚሄዱት!

ሌላ ቀን ቢሆን ተነሥታ ሙግት ትገጥም ነበር። ዛሬ ግን ለመኮራረፍ ጊዜ የላትም። መስከረም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሕንፃ ንድፍ ታስተምራለች። ካነበበችውና ካስተማረችው ሁሉ አንድ የሚጨበጥ ነገር ወጥቶላታል፤ ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከኮረብታው ግርጌ የተሠራው አዲሱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ምግቡም፣ ሙቀቱም፣ መብራቱም በኤሌክትሪክ ብቻ የሆነ፣ እሳት የሚባል ነገር ደጁን የማይረግጥበት ትምህርት ቤት ነው። ግድግዳው ድርብ ድንጋይ ነው። ሰፋፊዎቹ መስኮቶች ወደ ደቡብ ስለሚያዩ፣ በበጋ ዝቅ ብላ የምትሄደው ፀሐይ እስከ መጨረሻው ዴስክ ድረስ ገብታ ትቀመጣለች። ከቆርቆሮው ሥር ወፍራም ጭድ በሳንቃ ታሽጓል፤ የዝናቡን ጩኸት ስለሚያፍነው፣ ክረምት ሲመጣ መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ዝናቡ እስኪያባራ አይጠብቅም። የመግቢያው በር ድርብ ስለሆነ ብርዱ መሃል ላይ ተጠይቆ ይመለሳል። ሕንፃው ሙቀቱን ራሱ ስለሚይዝ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው፤ ያንንም አብዛኛውን ጣሪያው ላይ የተዘረጉት የፀሐይ ሰሌዳዎች ይችሉታል፤ የከተማው መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪ አለ።

ይህን ሁሉ ለወላጆች ስብሰባ ያስረዳች ቀን፣ ከኮረብታው መንደር የመጡት አያ ይሻው እጃቸውን አውጥተው «ጋፋት ላይ መድፍ ያቀለጠ አገር፣ ዛሬ ድስት የሚጥድበት እሳት አጣ?» ብለው ሕዝቡን አሳቁባት። እሷም ሥዕሉን እያሳየች ስትከራከር፣ ስትከራከር፣ በመጨረሻ «ተዋት፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለው በሳቅ ለቀቁላት። አለመልቀቋ ግን እልህ ብቻ አልነበረም። እሷ የተማረችበት ቤት ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነበር፤ ጠዋት ጣቷ እርሳስ አይጨብጥም ነበር፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ የማብሰያው ጭስ በስንጥቁ ገብቶ ክፍሉን ሁሉ ያስለቅሳል። የሚያበስሉት ሴትዮ ዓይናቸው ሁልጊዜ ቀይ ነበር። መስከረም ያንን ዓይን አልረሳችውም። ዛሬ ልጆቹ ከአሮጌው ትምህርት ቤት ተዛውረው የሚገቡበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ገንዘቡን ያወጣው ድርጅት ሰዎችም ከባሕር ዳር ይመጣሉ። ከወደዱት በዞኑ ሌሎች ሦስት ትምህርት ቤቶች በዚሁ ንድፍ ይሠራሉ፤ አንዱ ከእብናት ማዶ፣ ሁለቱ ወደ ጉና። ካልወደዱት የድሮው ፕላን ከመሳቢያው ይወጣል፤ ቆርቆሮው፣ ብርዱና ቀዩ ዓይን ከነማብሰያው ጎጆ ተመልሰው ይመጣሉ።

«እማዬ፣ ዛሬ አብረሽኝ ትውያለሽ» አለቻቸው እናቷን፣ ከየሺ ቤት ሲመለሱ በር ላይ ጠብቃ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ፣ ቀድመዋት ወጡ። ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም ወደ ውጭ ያያሉ። መንገዱ ዳር የከሰል ማዳበሪያዎች ተደርድረዋል፤ ባለ ባጃጁ ዝምታው ከብዶት ነው መሰለኝ፣ ከሰል እንደሆነ ሺህ ብር ገባ፣ ሰው እንግዲህ ምን ሊሞቅ ነው፣ አለ። መስከረም የመንገዱን ዳር ማየቷን ቀጠለች። እናቷ ግን «እኛን አይመለከተንም ልጄ፣ እኛ ቤት እሳት የለም» አሉት። ልጁ በመስታወቱ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እሷን አየና ሬዲዮኑን ከፈተ። ከዚያ በኋላ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ የተናገረው ሬዲዮኑ ብቻ ነው። በሩ ላይ መስከረም በገዛ እጇ የጻፈችው ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ «እሳት ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ማንበብ የማይችሉት ወይዘሮ ዓለሚቱ «ምን ይላል?» ብለው አንድ ቃል ተነፈሱ። መስከረም «እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል» አለች።

ሌሊቱን ሙሉ ያስፈራት መብራቱ ነበር። ኅዳር ከገባ ጀምሮ የከተማው መብራት እንደ ልቡ ይመጣል እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ባትሪው ደግሞ ገና በሥራ አልተፈተነም። ስለዚህ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ማብሰያው ክፍል ነው። የምግብ ቤቱ ኃላፊ ደሳለች ነጭ ሽርጧን ታጥቃ፣ ከትልልቆቹ የኤሌክትሪክ ድስቶች አንዱን እያማሰለች ታንጎራጉራለች። ቂንጬው ፈክቷል፤ የጉናው ድንች በቀይ ሽንኩርትና በዘይት ይንተከተካል። ክፍሉ የምግብ ሽታ እንጂ የጭስ ሽታ የለውም። «መብራቱ ንጋት ላይ ሄዶ ነበር» አለቻት ደሳለች፤ «እኔም ድስቱም አላወቅንም። የነገረን ዘበኛው ነው!» ከዚያ ዓይኗን በጣቷ ገልጣ አሳየቻት። «እይው፣ ደረቅ ነው። ስንት ዘመን አልቅሼ አበሰልሁ፤ ከእንግዲህ ለማልቀስ ለቅሶ ቤት መሄዴ ነው።» መስከረም አቅፋ ሳመቻት። ወደ ክፍሎቹ ስትወጣ እናቷን በአንደኛው ክፍል የመስኮት ጥግ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ በተሠራች ዴስክ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ፀሐይዋ ጭናቸው ላይ ወጥታለች። ወይዘሮ ዓለሚቱ ከጥቅምት ወዲህ ያላወለቁትን ጋቢ አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውታል። መስከረም ይህን አይታ እንዳላየች አለፈች፤ ብትናገር ጋቢውን መልሰው እንደሚለብሱት ታውቃለችና።

የመጀመሪያው ደወል ተደወለ። ከከተማው በኩል የሚመጡ ጥቂት ልጆች ገቡ፤ ድርብ በሩን እየከፈቱ እየዘጉ ተጫወቱበት፤ ግድግዳውን ዳበሱ፤ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች አብዛኞቹ ከላይ፣ ከኮረብታው ጎጦች የሚወርዱ ናቸው፤ እነሱ ከሌሉ ትምህርት ቤቱ ለቅሶ የተበተነበት ድንኳን ይመስላል። ርዕሰ መምህሩ ንብረት የሚባል፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ የመጣ፣ ሲጨነቅ ሰዓቱን አውልቆ የሚጠርግ ወጣት ነው። ሰዓቱን ጠርጎ ጨርሶ እንደገና መጥረግ ጀመረ። «አርብ ዕለት እኮ ነግረናቸዋል፣ ሰኞ በአዲሱ ቤት ነው ብለን! በዓል ነው እንዴ ዛሬ?» በዓል አልነበረም። ደሳለች ድስቶቹን ከደነቻቸው። የእንግዶቹ ሾፌር ደውሎ ወረታን እንዳለፉ ተናገረ። መስከረም በኮሪደሩ እየተመላለሰች ጥፋቱን ትፈልጋለች፤ መብራቱ አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ ምግቡ አለ። የቀረ አንድም ነገር አልታያትም።

ንብረት በመጨረሻ አያ ይሻው ስልክ እንዳላቸው ትዝ አለውና ደወለ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። «ጤና ይስጥልኝ ርዕሰ መምህር!» አሉ አያ ይሻው፣ ከበስተጀርባ የበሬ ማባረሪያ ጩኸት እየተሰማ፤ «ምነው፣ ዛሬ እህል አልመጣላችሁም?»

«እንዴት አልመጣም? ምግቡ ደርሶ ቁጭ ብሏል! ልጆቹ የታሉ?»

«ታዲያ ጭሱስ?»

«የምን ጭስ?»

«የማብሰያው ነዋ። በስብሰባው የተወራው ኤሌክትሪክ በወረቀት የሚቀር መስሎን ነበር። ማለዳ ደጅ ወጥተን ስናይ ጭስ የለም። ጭስ ከሌለ እሳት አልነደደም፣ እሳት ካልነደደ ምግብ የለም። ባዶ ሆዱን የሄደ ልጅ ያን ዳገት መልሶ አይወጣውም ብለን፣ በሬ ይንዱልን ብለን ውድማ ይዘናቸው ወጣን። ጎጡ ሁሉ እንደዚያው ነው። ይኸው አሁንም ቆሜ እያየሁት ነው፤ ጭስ የሚባል የለም!»

ንብረት «ምግቡ የተሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ እባክዎ ለሌሎቹም ይንገሩልን» ብሎ ለመናቸው። አያ ይሻው «እኔስ አምኜሃለሁ፤» አሉ፤ «ግን ማዶ ለማዶ ብጮህ ማን ያምነኛል? ሰው የሚያምነው ዓይኑን ነው።» ስልኩ ባትሪው አልቆ ነው መሰል ጥርቅም አለ። ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ። ለካ በአሮጌው ትምህርት ቤት እህል ያለቀ ቀን ምድጃው አይነድም ነበር፤ የላይኞቹ ሰዎች ይህን አይተው ማንም ሳያስተምራቸው የራሳቸውን ደወል አበጅተዋል። ንብረት ለአገሩ እንግዳ ነው፤ ደሳለችም የከተማ ልጅ ናት፣ ጭሱን ከሥሩ ሆና አለቀሰችበት እንጂ ከላይ ሆና አላየችውም። መስከረም ግን ግንባሯን በመዳፏ መታችው። እሷ አይታዋለች! ጉና ሥር ልጅ ሳለች በየማለዳው ደጅ ወጥታ የመንደሩን ጭስ ታነብ ነበር፤ የእነ እገሌ ቤት ማልዶ ጨሰ፣ እንግዳ አላቸው፤ የእነ እገሊት አልጨሰም፣ ሰው ታሞባቸው ይሆናል፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። ያቺ ልጅ አድጋ ፀሐይዋን ለክታለች፣ ነፋሱን ለክታለች፣ የብርዱን መግቢያ አንድ በአንድ ደፍናለች። ጭሱን ግን ቆሻሻ ነው ብላ ሠርዛ ጣለችው፤ ሌላ ሥራ ይኖረው ይሆን ብላ አልጠየቀችም።

እንግዶቹ የገቡት ይህን እያሰበች ሳለ ነው። መሪያቸው አቶ ካሳሁን ረጅም፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ፊታቸው የማይነበብ ሰው ናቸው። ክፍል በክፍል ዞሩ። ግድግዳውን በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱ፣ ኮታቸውን አወለቁ፣ ቂንጬውን ቀምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ባዶዎቹን ዴስኮች ግን በአንድም ክፍል ሳያዩ አላለፉም። በመጨረሻ ኮሪደሩ ላይ ቆሙና «ኢንጂነር፣ ቤቱን ወድጄዋለሁ» አሏት። «እውነቴን ነው። ግን እኔ ተመልሼ የምጠየቀው ስለ ቤት አይደለም፣ ስለ ልጆች ነው። ባዶ ክፍል ሞቀ ብዬ ለማን ላውራ?» ንብረት ስለ ጭሱ ሊያስረዳ ሞከረና ተንተባተበ። አቶ ካሳሁን በትሕትና ሰሙት፤ ያመኑት ግን አይመስሉም። እስከ ምሳ ድረስ እንደሚቆዩ ተናግረው ፀሐይዋ ላይ ተቀመጡ።

መስከረም ለንብረት በጆሮው «እሳት እናንድድ» አለችው። ንብረት ሰሌዳው ወዳለበት በር ቀና ብሎ አየና ኪሱን ይዳብስ ጀመር። ከዚያ ክብሪት ፍለጋ ተጀመረ። መምህራኑ አንዳቸውም አያጨሱም፤ ደሳለች ክብሪቷን ከነጭሱ ረግማ አሮጌው ማብሰያ ቤት ጥላው መጥታለች፤ ዘበኛውን ራሷ መስከረም ባለፈው ሳምንት ኪሱን አስፈትሻ ላይተሩን ቀምታዋለች። አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት፣ ጣሪያው ላይ ፀሐይን ያሰረ፣ አንዲት እንጨት የሚያቀጣጥል ነገር አጣ። ያን ጊዜ መስከረም እግሯ ወዴት እንደሚወስዳት አወቀች። እናቷ ያሉበት ክፍል ገብታ ከትንሿ ዴስክ ፊት ቆመች። ወይዘሮ ዓለሚቱ ሁሉንም ሰምተዋል፤ የአያ ይሻውንም ስልክ፣ የእንግዳውንም ንግግር። ቀና ብለው አዩዋት።

«እማዬ» አለች መስከረም፤ «እሳት ስጪኝ።»

ወይዘሮ ዓለሚቱ ያን ጊዜ ሊሉ የሚችሉት ብዙ ነበር፤ ከጥር ጀምሮ ያጠራቀሙትም አላነሰም። መስከረምም የሚመጣውን ለመቀበል ራሷን አዘጋጅታ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢውን ዴስኩ ላይ ትተው ተነሡ፣ መቀነታቸውን ፈታ አደረጉ፣ ከእጥፋቱ ውስጥ የተጨማደደች የክብሪት ቀፎ አወጡ። «ደረቁ ከሥር፣ እርጥቡ ከላይ» አሉ በሩን አልፈው ሲወጡ። «ነበልባል አይደለም የምንፈልገው፣ ጭስ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል አምጪልኝ፣ ለምለሙን።» ከማለዳ ጀምሮ ለልጃቸው የተናገሩት ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር።

አናጺዎች የተዉት ፍቅፋቂ ከሰሌዳው ሥር ተከመረ። መስከረም በጥሩ ጫማዋ ባሕር ዛፍ ላይ ተንጠላጥላ ቅርንጫፍ ትሰብራለች፤ ንብረት ይጎትታል፤ ወይዘሮ ዓለሚቱ በርከክ ብለው በእፍታ ያቀጣጥላሉ። ፍቅፋቂው ሲይዝ እርጥቡን ቅጠል ጫኑበት። መጀመሪያ ተንጫጫ፤ ከዚያ ወፍራም ነጭ ጭስ ተነሣ፤ ነፋስ በሌለበት የኅዳር ሰማይ ላይ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ወጣ፣ ከሕንፃውም ከዛፉም በላይ ሆነ። ደሳለች ከማብሰያው ልታይ ወጥታ ዓይኗን ይዛ «ይኸው፣ እዚህም ለቅሶውን አላስቀራችሁልኝም!» አለች። እንግዶቹ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ። አቶ ካሳሁን አንዴ ሰሌዳውን፣ አንዴ ጭሱን፣ አንዴ ቅጠል የታቀፈችውን ኢንጂነር እያዩ «ኅዳር እኮ ታጥኖ አለቀ» አሉ። ሁሉም ወደ ኮረብታው ነበር የሚያየው። ለጊዜው ምንም አልታየም። ከዚያ ከላይኛው ውድማ አንድ ነጭ ነጥብ ተላቀቀ። ሁለተኛ ተከተለ። ከዚያ ከየጎጡ፣ ከየአጥሩ፣ ከየጭድ ክምሩ ሥር ልጆች መፍሰስ ጀመሩ፤ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ደብተራቸውን በፌስታል ይዘው፣ ዳገቱን በሩጫ ቁልቁል። ከኋላቸው አያ ይሻው ትንሿን ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው «ነደደ! ነደደ!» እያሉ ይወርዳሉ። መስከረም አለቀሰች። ከጭሱ ነው ብላ ለማንም ልትናገር ትችል ነበር፤ ግን አልነበረም፤ ደስታ ነው።

ክፍሎቹ ሞሉ። ልጆቹ የገብስ እብቅ ከፀጉራቸው ሳይራገፍ ተቀመጡ፤ ፀሐይዋ ላይ ያረፉት ፎጣቸውን ፈቱ። ቂንጬው ትኩስ ነበር፤ ድስቶቹ ሙቀቱን ይዘው ጠብቀዋቸዋል። አቶ ካሳሁን በልጆቹ መካከል ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠው በሉና «ሁሉ ነገር በኤሌክትሪክ ነው ብላችሁኝ ነበር» አሏት መስከረምን። «ምግቡ በኤሌክትሪክ ነው ጌታዬ» አለች፤ «ጥሪው ነው በእሳት የሆነው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ከዚያ ወላጆቹን ጨምረው ስለ ጥሪው መከሩ። ንብረት ትልቅ ደወል ይሰቀል አለ፤ አንዲት እናት «ደወል ከሰማንማ ቅዳሴ ነው ብለን ተሳልመን እንመለሳለን» አለችና ቀረ። ረጅም ምሰሶ ተተክሎ፣ ድስት በተጣደ ማለዳ ሰፊ ቢጫ ጨርቅ ይሰቀልበት የሚለው ለሁሉም ተስማማ። ዓይን እስኪለምድ ግን ምሰሶው አጠገብ እፍኝ ቅጠል ይጭሳል፤ እስከ ጥምቀት ሁለቱ አብረው ይታያሉ። «ሦስቱም በዚሁ ፕላን ይሠሩ» አሉ አቶ ካሳሁን ኮታቸውን እየለበሱ፤ «ምሰሶው ግን አሁኑኑ ይሳልበት፣ አይቼ ልሂድ።» መስከረም ሥዕሉን ዘርግታ፣ በር ላይ፣ በእርሳስ ምሰሶውን አቆመች። አያ ይሻው በትከሻዋ በኩል አንገታቸውን አስግገው አይተው «ተመስገን፤ ወረቀቱም ዛሬ የያዘውን ለቀቀ!» አሉና ሳቁን አፈነዱት። የጭሱ ሹመት ለማን ይሁን ሲባል፣ ጎጡ ሁሉ ክብሪት ወዳወጡት ሴትዮ ዞረ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ልጄ ከፈቀደች» አሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱም ባጃጅ ውስጥ ብዙ አልተነጋገሩም። ይኸኛው ዝምታ ግን አልከበደም፤ እናቷ በመንገዳቸው ሁሉ ጭስ ያዩበትን ቤት በአገጫቸው እያሳዩዋት ነበር። ቤት እንደደረሱ መስከረም ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ የሺ ዘንድ ሄደች፤ ማንደጃውን ተቀብላ ነፋስ በሚያገኘው በረንዳ ላይ አስቀመጠችው። «ከዚህ ወደ ውስጥ አንድ ስንዝር አይገባም» አለች። ወይዘሮ ዓለሚቱ ቦታውን በእግራቸው ፈትሸው፣ አንድ ስንዝር ወደ ግድግዳው አስጠጉትና ተስማሙ። መስከረም ገብታ ማሞቂያዋን ከፍታ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች፤ ሰውነቷ ሁሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ብዙም አልቆየ፣ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። የማሞቂያው ቀይ ዓይን ቀስ እያለ ተከደነ፤ ክፍሉም ወዲያው ቀዘቀዘ። በግድግዳው በኩል የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ዛሬ አልታፈነም።

«የባሕር ዳር እንግዳ ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ያቺ ኢንጂነር መጥታ እሳት ለመነችኝ ነው የምልሽ!»

መስከረም ጋቢዋን ደርባ ወጣች። እናቷና የሺ ማንደጃውን ከበው ተቀምጠዋል፤ ፍሙ ፊታቸውን አቅልቶታል። የሺ ቀና ብላ አየቻትና በዓይኗ እየሳቀች «እማማ፣ ይቺ ደግሞ መጣች። ይሰጧታል?» አለች። ወይዘሮ ዓለሚቱ ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አደረጉ፣ በርጩማውን በእግራቸው ወደ ልጃቸው ገፉ።

«ምነው የሺ፣ እሳት ይከለከላል እንዴ?»